ሽማግሌ የተላከበት ቤት

በጥቅምት ወር፥ በአንድ እሑድ፥ ከቅዳሴ መልስ፥ በለቡ መብራት ኃይል ካሉት የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች በአንዱ፥ ሦስት ሽማግሎች ነጭ ጋቢያቸውን ተከናንበው እስከ አራተኛው ፎቅ ወጡና አንድ በር አንኳኩ። ከሦስቱ አንደኛው የሙሽራው የንስሐ አባት ሲሆኑ፥ ሁለቱ አጎቶቹ ናቸው፤ ከድሬዳዋ በባቡር ተነሥተው በዋዜማው በፉሪ ለቡ ጣቢያ የወረዱ ነበሩ። ደረጃው እንዳደከማቸው አተነፋፈሳቸው ይመሰክር ነበር። ሆኖም የቤቱ ጌታ «አረፍ በሉ» ባሏቸው ጊዜ፥ እንደ ጥንቱ ደንብ፥ «የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። ሳሎኑ ጠባብ ነውና በሶፋውና በቴሌቪዥኑ መካከል ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ነበር የቆሙት።

እኛም በጎረቤትነት ተጠርተን በዚያ ቤት ተገኝተናል። የቤቱ ጌታ ዘመዶቻቸው በጎጃም ናቸው፤ ከሃያ ዓመት በላይ ክፉውንም ደጉንም አብረዋቸው ያዩት የልደታ ጎረቤቶቻቸው ደግሞ አሮጌው ሰፈር በፈረሰ ጊዜ ከፊሎቹ ወደ ጀሞ፥ ከፊሎቹ ወደ ሌላም ሌላም ተበትነዋል። ስለዚህ ልጅን ያህል ነገር ለመስጠት ከአጠገባቸው የሚቀመጥ ሰው ቢያጡ፥ ከተዋወቅን ገና ስድስት ዓመት ያልሞላንን እኛን ጠሩን። ስማቸው እንዳይነሣ ስለ ለመኑን አንጠራቸውም፤ ነገሩን ግን ለሌላው ቤተ ሰብ ይጠቅም እንደ ሆነ ብለው እንድንጽፈው ፈቅደውልናል።

ሽማግሎቹ ቃላቸውን አሰሙ። «ልጅዎን ለልጃችን» አሉ። የቤቱ ጌታም እንደ ወጉ «መክረን እንነግራችኋለን፤ የነቢያት ጾም ሳይገባ ተመለሱ» ብለው ቀጠሮ ሰጧቸው። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ነገር አባቶቻችን እንዳቆዩት ሄደ። ነገር የተጀመረው እንግዶቹ ወጥተው በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው።

«እኔ የምመክረው ምን ቀረኝ?» አሉ አባትየው። «ልጆቹ ከተጫጩ ዓመት ሆናቸው። ቀኑ ተቆርጧል፤ ካህኑ ያውቃሉ፤ ሰንበት ትምህርት ቤቱ ያውቃል። ሁሉም ካወቀው በኋላ ለእኔ ሽማግሌ ተላከልኝ።»

ልጂቱ ኻያ ስምንት ዓመቷ ነው፤ በሒሳብ ሥራ ትተዳደራለች። ከእጮኛዋ ጋር የተዋወቁት በሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን መካከል ነው። «አባባ፥ እርስዎ አይሆንም ካሉ ቀኑም ይቀራል፤ ሽማግሌ የላክነው ቃልዎን ስለምንፈልግ ነው እንጂ ለይስሙላ አይደለም» ብላ መለሰችላቸው። በዚህ ጊዜ አባትየው ጥቂት በረድ ቢሉም፥ የሰርጉ ነገር ሲነሣ ክርክሩ እንደ ገና ተቀጣጠለ። ሙሽሮቹ የሚሹት በጠዋት በቤተ ክርስቲያን ሥርዓተ ተክሊል ተፈጽሞላቸው ሥጋውን ደሙን ከተቀበሉ በኋላ በደብሩ አዳራሽ ለቅርብ ሰው መጠነኛ ማዕድ እንዲቀርብ ነው። ጥሎሽ አይምጣ፤ መልስም አይደገስ፤ ለዚያ የሚወጣው ገንዘብ ለአንድ ዓመት የቤት ኪራይ ይሁነን ይላሉ። አባትየው ግን በየድግሱ የበሉበት፥ በየዳሱ ያስተናገዱበት ሰው ሁሉ በዓይናቸው ላይ መጣባቸው። «የሰው ድግስ በልቼ በልቼ በራሴ ቀን በሬን ልዘጋ ነውን?» አሉ።

የዚህ ዓይነቱ ክርክር በብዙ ቤት ያለ ስለ ሆነ ባላስደነቀን ነበር። ያስደነቀን ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ነው። ልጂቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፥ «አንድ ነገር ልለምናችሁ፤ እኔ ከመቍረቤ በፊት እናንተ ብትቈርቡልኝ» አለች። እናትና አባቷ ከአርባ ዓመት በላይ የኖሩት በሰማንያ ነው። አምስት ልጆች ወልደው ሁሉንም በአርባና በሰማንያ ቀን አስጠምቀዋል፤ ጾሙን ይጾማሉ፤ ማኅበር ይጠጣሉ፤ ነገር ግን ጋብቻቸውን በቍርባን አላጸኑም። ክፍሉ ጸጥ አለ። የአምስት ልጆች አባት፥ ጡረታ የወጡ መምህር፥ የሚሉትን አጥተው ወደ መስኮቱ ዞሩ።

እንግዲህ አንባብያን ሆይ፥ የዘመኑን ልጆችና ወላጆቻቸውን በጋብቻ ነገር የሚያከራክረው ምን እንደ ሆነ ብንጠየቅ፥ «ሽማግሌው ሃይማኖትን ይዞ ወጣቱ ዓለምን ተከተለ» ብለን ለመመለስ እንቸኩላለን። በዚያ ሳሎን ውስጥ ያየነው ግን ከዚህ የተለየ ሆነብን፤ ተክሊሉን የያዘችው ልጅ፥ ድግሱን የያዙት አባት ናቸውና።

ነገሩን ወደ ኋላ ሄደን ብንመረምረው ይህ ከቶ እንግዳ አይደለም። በአገራችን የኖሩት የጋብቻ ዓይነቶች ሦስት እንደ ነበሩ የሚታወቅ ነው። አንደኛው በቤተ ክርስቲያን በተክሊልና በቍርባን የሚጸናው፥ ሞት ካልሆነ በቀር የማይፈታው ነው። ሁለተኛው በሽማግሎችና በምስክሮች ፊት በውል የሚታሰረው፥ ሰማንያ የሚባለው ነው፤ ይህ ሲፈርስ ሀብቱ በሽማግሌ ይከፈላል። ሦስተኛው የደሞዝ ጋብቻ ሲሆን፥ በተወሰነ ክፍያ የሚደረግ፥ ከሁለቱ ይልቅ ዝቅ ተደርጎ የሚታይ ነበር። ከእነዚህ መካከል ሕዝቡ በብዛት የኖረበት ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው ያለ እርሱ ክህነት ለማይገኝላቸው ለዲያቆናትና ለካህናት፥ እንዲሁም ዕድሜያቸው ገፍቶ ለቈረቡ ባልና ሚስት የተተወ ይመስል ነበር። ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በ1875 ዓ.ም. በፋሲካ በአንኮበር መድኃኔ ዓለም በቍርባን በተጋቡ ጊዜ፥ ሁለቱም ቀድሞ ሌላ ትዳር ያዩ እንደ ነበሩ ታሪክ የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል። ቍርባኑ የመጣው በስለው፥ አንዱ የሌላውን ጠባይ ዐውቀው፥ «ከእንግዲህ መለየት የለም» ብለው ሲቈርጡ ነው።

ይህን ስንጽፍ አባቶቻችንን ለመንቀፍ አይደለም። በቍርባን መጋባት የማይፈታ ማሰሪያ መሆኑን ከልብ ስላመኑ ነው የፈሩት። «ቈርቤ ባፈርስስ?» የሚለው ፍርሃት ከቸልተኝነት የመጣ ሳይሆን ከአክብሮት የመጣ ነው። ነገር ግን «በእኛ ጊዜ ትዳር የጸና ነበር፤ የዛሬ ልጆች አፈረሱት» የሚለው ቃል ሲነገር፥ ሰማንያ እንዴት ይፈርስ እንደ ነበረ፥ የእንጀራ እናትና የእንጀራ አባት ነገር በስንቱ ተረታችን ውስጥ እንደ ገባ ማስታወስ ይገባል። የእንጀራ እናት ተረት ከየት መጣ? ትዳር ከማይፈርስበት፥ ሞትም ከማይገባበት አገር አልመጣም።

ወጣቶቹም በበኩላቸው፥ ፈቅዶ መጋባትን ራሳቸው የፈጠሩት አድርገው ይናገራሉ። ይህም ስሕተት ነው። የአብርሃም ሎሌ ለይስሐቅ ሚስት ሊፈልግ በሄደ ጊዜ፥ የርብቃ ቤተ ሰቦች ልጂቱን ራሷን ጠርተው ትሄድ እንደ ሆነ ጠይቀዋታል፤ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 24 ተጽፎ ይገኛል። ፍትሐ ነገሥትም ስለ ጋብቻ በሚናገርበት በ24ኛው አንቀጹ የሁለቱን ፈቃድ ይጠይቃል። ቤተ ክርስቲያን ፈቃድን ከጥንት ስትጠይቅ ኖራለች፤ ያልጠየቀው ወላጅ ነው። ካህን ፊት የቀረበች ሙሽራ «ፈቅደሻል ወይ?» ስትባል፥ ከኋላዋ አባቷና አጎቶቿ ቆመው እየሰሙ ምን ልትል ኖሯል?

የመንግሥት ሕግም በዚህ ነገር ሁለት ጊዜ ተናግሯል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለወንድ 18፥ ለሴት 15 ዓመትን የጋብቻ ዕድሜ አድርጎ ወሰነ፤ ባልንም የቤተ ሰቡ ራስ አድርጎ ደነገገ። ስለ መተጫጨት የጻፈው ደግሞ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ መተጫጨት የሁለት ቤተ ሰቦች ውል ነበር እንጂ የሁለት ሰዎች ብቻ አልነበረም። ከ40 ዓመት በኋላ፥ በ1992 ዓ.ም.፥ የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ በአዋጅ ቍጥር 213 ሲወጣ፥ ዕድሜው ለሁለቱም 18 ሆነ፤ ባልና ሚስት በቤታቸው አስተዳደር እኩል ሆኑ፤ ስለ መተጫጨት የተጻፈው ክፍል ከሕጉ ወጣ፤ ፍቺን የመወሰኑም ሥልጣን ከቤተ ዘመድ ሽማግሎች ወደ ፍርድ ቤት ተዛወረ። ይህ ሕግ እንዲሻሻል የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ብዙ ደክሟል። የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተ ሰብ ሕግ በአዋጅ ቍጥር 79 አወጣ። በሃይማኖት ሥርዓት የተፈጸመ ጋብቻ ግን በአሮጌውም በአዲሱም ሕግ የጸና ነው።

ሕግ ወጣ ማለት ኑሮ ተለወጠ ማለት እንዳልሆነ ግን የታወቀ ነው። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሕዝብና የጤና ጥናት፥ ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 49 ዓመት ከሆኑት ሴቶች እኩሌታዎቹ ያገቡት 17 ዓመት ከጥቂት ሳይሞላቸው ነበር። በዚያው ጥናት አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልዳቸው ልጆች ቍጥር በአገር አቀፍ ደረጃ በአማካይ 4.6 ሲሆን፥ በአዲስ አበባ 1.8 ብቻ ነው። እንግዲህ በአንዲት አገር ሁለት ዘመን አብሮ ይኖራል። በለቡ ሕንፃዎች ደግሞ ሁለቱ ዘመኖች በአንድ ሳሎን ተቀምጠው ቡና ይጠጣሉ።

የዚያ ቤት እመቤት ለዚህ ምስክር ናቸው። ሰርጋቸው በ1975 ዓ.ም. በጎጃም ሲሆን ዕድሜያቸው ዐሥራ አምስት ነበር። ሽማግሌ ወደ አባታቸው ቤት በመጣ ዕለት እርሳቸው ውኃ ሊቀዱ ወርደው ነበር፤ ተመልሰው ሲመጡ ጠላ ሲቀዳ አይተው «ማን ሞተ?» ብለው እንደ ጠየቁ እየሣቁ አጫወቱን። ማጫው ተቈጠረ፤ ሁለቱም ወገን ከብቱን አስተካክሎ ሰጠ፤ ዳስ ተጣለ፤ ሙሽራዪቱ በበቅሎ ተጭና ተወሰደች። «ባሌን ፊቱን በደንብ ያየሁት በሦስተኛው ቀን ነው» አሉን። ከዚያም ቀጥለው፥ «ደግ ሰው ሆኖ ተገኘልኝ እንጂ፥ ክፉም ቢሆን ያው ነበር» አሉ። ይህን ሲናገሩ ባልየው አጠገባቸው ተቀምጠው ነበር። እንደዚህ ያለውን ነገር በአርባ ዓመት ውስጥ ሰምተው የሚያውቁ አልመሰለንም።

በዚህ ምክንያት በሰፈራችን ያሉትን ሌሎች ወላጆችና ወጣቶች በየአጋጣሚው ማነጋገር ጀመርን። ከሕንፃዎቹ ሥር ዕድርተኛው በሚሰበሰብበት ቀን አንድ አረጋዊ ያሉን ቃል ከሁሉ በልጦ በልባችን ቀርቷል። «ድግሱን ለሆዳችን የምንፈልገው ይመስላቸዋል። ድግስ ማለት ምስክር ነው። ሁለት መቶ ሰው ዳሴ ውስጥ ገብቶ ከበላ፥ ነገ ልጄ ቢጣላ ሁለት መቶ ሰው ያገባኛል ይላል። እነርሱ ሠላሳ ሰው ጠርተው ሲጣሉ ወዴት ነው የሚሄዱት?» አሉን። በዚህ አነጋገር ውስጥ እውነት አለ። ቀድሞ ጠላው ሲጠመቅ ብቅሉን የምታበቅለው አንዷ፥ ጌሾውን የምትወቅጠው ሌላዋ፥ ድፎ ዳቦውን የምትደፋው ሦስተኛዋ ነበረች፤ እነዚህ ሴቶች ሁሉ በዚያ ትዳር ውስጥ ድርሻ ነበራቸው። ሙሽራዪቱ ስትወልድ ገንፎ ይዘው የሚመጡት፥ ስታኰርፍ «ነይ ቤትሽ ግቢ» የሚሏት እነርሱ ናቸው። ዛሬ ምግቡ ከአዘጋጅ ድርጅት በመኪና ይመጣል፤ እንግዳው በልቶ ይሄዳል፤ ማን ምን እንደ ሠራ የሚያውቅ የለም። አራተኛ ፎቅ ላይ ባልና ሚስት ሲጣሉ፥ አምስተኛ ፎቅ ላይ ያለው ጎረቤት ቴሌቪዥኑን ከፍ ያደርጋል።

ሆኖም ለአረጋዊው ያልነገርናቸው አንድ ነገር አለ፤ የዛሬው የአዳራሽ ድግስ ያንን ምስክር አያመጣም። በብድር በተከራየ አዳራሽ አምስት መቶ ሰው ቢጠራ፥ ከአምስት መቶው አራት መቶው ሙሽራውን በስም አያውቀውም። አባትየው የሚናፍቁት ዳሱን ነው፤ የሚከፍሉት ግን ለአዳራሹ ነው። ዳሱ ከልደታ ሰፈር ጋር ፈርሷል። በአንድ ቤት አባት ለልጃቸው ሰርግ ከወሰዱት ብድር ሳይላቀቁ ልጂቱ ሁለተኛ ልጇን እንዳስጠመቀች ሰምተናል።

ወጣቶቹንም ዝም ብለን አናልፋቸውም። ከ1980ዎቹ ጀምሮ በሰንበት ትምህርት ቤቶች፥ በ1984 ዓ.ም. የተመሠረተው ማኅበረ ቅዱሳን በየዩኒቨርሲቲው ባስፋፋቸው የግቢ ጉባኤያትም ያደጉ ብዙ ወጣቶች፥ በድንግልና ተጠብቀው በተክሊል መጋባትን ክብር አድርገው ይዘዋል። ይህ ለቤተ ክርስቲያናችን ትልቅ ደስታ ነው። ነገር ግን ከዚህ መልካም ነገር ጎን ለጎን የበቀለ እንክርዳድ አለ። አንድ ካህን እያዘኑ እንደ ነገሩን፥ ተክሊል ሊፈጽሙ የመጡ ሙሽሮች ከጸሎቱ ይልቅ ለካባው ጥልፍ የተጨነቁበት፥ ፎቶግራፍ አንሺው ካህኑን «ትንሽ ወደዚህ ዞር ይበሉልኝ» ያለበት ጊዜ አለ። ጥሎሽን «ኋላ ቀር ልማድ» ብሎ የተወ ወጣት፥ ከሰርጉ በፊት በየመናፈሻው ልዩ ልዩ ልብስ እየለዋወጠ ፎቶግራፍ ለመነሣት ከጥሎሹ የሚበልጥ ገንዘብ ሲያወጣ አይተናል። ደግሞም፥ ይህ ከሁሉ የሚከፋው ነው፥ በተክሊል የተጋቡት በሰማንያ የተጋቡትን ወላጆቻቸውን እንደ ኃጢአተኛ የሚያዩበት አመለካከት በአንዳንዶች ዘንድ ገብቷል። አርባ ዓመት በረኃብም በጦርነትም ሳይለያዩ ልጅ ያሳደጉ ሰዎች ናቸው፤ ትዕግሥትን ከእነርሱ የሚማር እንጂ የሚያስተምራቸው ማን ነው?

የቤት ውስጥ ሥራ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። በዚሁ ሰፈር አንዲት የልጅ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ አያት አሉ። ልጃቸውና ምራታቸው ሁለቱም ጠዋት ወጥተው ማታ ይመለሳሉ፤ ታክሲው ከተሰለፈም ይመሻል። ማታ ልጃቸው ሕፃኑን አጥቦ፥ ሳህን ሲያጥብ ያዩታል። መጀመሪያ የመጡ ጊዜ ይህን አይተው አልቅሰው እንደ ነበር ራሳቸው ነገሩን፤ «ወንድ ልጅ ወልጄ ጓዳ ላስገባው ነው?» ብለው። አሁንስ ብለን ብንጠይቃቸው፥ ጥቂት አሰብ አድርገው፥ «አባቱ እንዲህ ቢያደርግልኝ ኖሮ ወገቤ ዛሬ እንዲህ ባልሆነ» አሉ። ወዲያው ግን በምራታቸው ፊት ይህን እንዳንደግመው አስጠነቀቁን። እኛም እዚህ የጻፍነው ምራቲቱ ማን እንደ ሆነች ስላልታወቀ ነው።

እንዲያውም ስለ ባል ራስነት ክርክር ሲነሣ ሐዋርያው ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች የጻፈውን ሽማግሎቹ እስከ ግማሹ ያነባሉ፤ ሚስት ትገዛ የሚለው ላይ ያቆማሉ። ወጣቶቹ ደግሞ ከዚያ ቀጥሎ ካለው፥ ባል ሚስቱን ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን እንደ ወደደ እንዲወድ ከታዘዘበት ይጀምራሉ። ምዕራፉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ ማዕድ ላይ ያነበበ ቤት ቢገኝ ደስ ባለን።

የውጭ አገሩም ነገር በዚህ ውስጥ አለበት። በለቡ ከሚሰጡት ልጃገረዶች ጥቂቶቹ የሚሰጡት በአሜሪካና በአውሮጳ ላሉ ልጆቻችን ነው። እዚያ ያሉት ወላጆች ሽማግሌ ለመላክ ዘመድ ሲያጡ በስልክ መስኮት ብቅ ብለው «ልጅዎን ለልጃችን» ይላሉ። አንድ የቤት ጌታ ይህን ሲያጫውቱን፥ ሽማግሌው በስልኩ ውስጥ ሆነው «ሳይሰማ አንቀመጥም» ማለታቸውን፥ ነገር ግን ተቀምጠው ይሁን ቆመው ለማየት እንዳልቻሉ ነገሩን። ሥቀናል። ቢሆንም እዚያ አገር፥ አጎትም አክስትም በሌለበት፥ ለመጣሉም ለመታረቁም ቤተ ክርስቲያን ብቻ የቀረችላቸው ባልና ሚስት መኖራቸውን ስናስብ ሣቃችን ይቆማል።

እንግዲህ ወደ ጀመርንበት ቤት እንመለስ። ሽማግሎቹ በኅዳር መጀመሪያ፥ ጾሙ ሳይገባ፥ ተመልሰው መጡ። በመካከሉ ባሉት ሳምንታት አባትና ልጅ ብዙ ተነጋግረው ነበር። ድግሱ በደብሩ አዳራሽ እንዲሆን አባትየው ተስማሙ፤ በፈንታው ልጂቱ ጠላው ከውጭ እንዳይገዛ፥ በሕንፃው የጋራ መገልገያ ቤት የጎረቤት ሴቶች ተሰብስበው እንዲጠምቁት ተስማማች። ይህን ያሰቡት እናትየው ናቸው። ከየፎቁ ሴቶች እንዲጠሩም አደረጉ፤ ከሦስተኛው ፎቅ የመጣችው ወጣት ሚስት ጌሾ ወቅጣ እንደማታውቅ ተናግራ ነበር፥ በማግሥቱ ግን ሙቀጫ ይዛ መጣች። መልሱ ቀረ። ከልደታ ሰፈር የተበተኑት የቀድሞ ጎረቤቶች ግን አንድ በአንድ በስልክ እንዲጠሩ ሆነ፤ ልጂቱ ራሷ ከእናቷ አሮጌ ደብተር ስማቸውን እየለቀመች ስትደውል አመሸች።

ሽማግሎቹ ዳግመኛ በሶፋውና በቴሌቪዥኑ መካከል ቆሙ። አባትየው «ሰጥተናል» አሉ። እልልታው ደረጃውን ወርዶ እስከ ምድር ቤት ተሰማ። ሁሉም ከተቀመጠ፥ እንጀራም ከቀረበ በኋላ፥ የቤቱ የንስሐ አባት፥ ለምርቃት ተጠርተው የመጡት፥ የቀረውን ነገር አነሡ። «እንግዲህ የልጅዎን ልመና ምን ይሉታል?» ብለው አባትየውን ጠየቁ።

አባትየው ዝም አሉ። ከዚያም፥ «አባ፥ እኔ ፈርቼ ኖሬአለሁ» አሉ። «ወጣት ሳለሁ ያልበሰልሁ መስሎኝ ፈራሁ፤ ከበሰልሁ በኋላ ደግሞ የዘገየሁ መስሎኝ አፈርሁ። አሁን ልጄ ከቀደመችኝ ምን እላለሁ? እኔ እሺ ብያለሁ። እርሷን ይጠይቋት።»

ካህኑ ወደ እመቤቲቱ ዞረው፥ «እርስዎስ ይፈቅዳሉ?» አሏቸው።

እመቤቲቱ የያዙትን ሳህን አስቀመጡ። ፊታቸው ላይ ሣቅም ዕንባም ያልሆነ ነገር ታየ። «አባ፥ ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው የለም። በዐሥራ አምስት ዓመቴ ሽማግሌ የተላከው ወደ አባቴ ነው፤ እኔ ውኃ ወርጄ ነበር» አሉ። ቀጥለውም ወደ ባለቤታቸው ተመልክተው፥ «እንዲሁ በገበታ መካከል እሺ አልልም። የምፈለግ ከሆነ ሽማግሌ ይላክብኝ» አሉ።

ሰው ሁሉ ሣቀ፤ ልጂቱ ግን አለቀሰች። አባትየውም መጀመሪያ ቀልድ መስሏቸው ሣቁ፤ የሚስታቸውን ፊት ባዩ ጊዜ ግን ሣቃቸውን አቆሙና ቀስ ብለው ከመቀመጫቸው ተነሡ። ያን ዕለት አልላኩም። ሳምንት ቈይተው፥ በቀጣዩ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፥ የንስሐ አባታቸውን፥ ከልደታ የቀድሞ ጎረቤታቸውን አንዱን፥ ሦስተኛም እኛን፥ ጋቢ አስለብሰው ላኩን። እርሳቸው ከምድር ቤት ደረጃው ሥር ቆመው ጠበቁ። አራተኛው ፎቅ ደርሰን አንኳኳን። በሩን የከፈቱት እመቤቲቱ ራሳቸው ናቸው፤ ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው፥ ቡናውን አፍልተው ነበር።

«አረፍ በሉ» አላሉንም። «ጉዳያችሁ ምንድን ነው?» አሉን።